በጆሮዬ የተነገረኝ የውሃ አባትነት

ሐሙስ ካለፈ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ የእኔ እግር ግን አሁንም አልረጋም። ወልድያ፣ አዳጎ ሰፈር ካለው ቤቴ እወጣና እስከ ፒያሳ እወርዳለሁ፤ ሻይ አዝዤ ግማሹን ሳልጠጣ እነሳለሁ፤ ተመልሼ በሬ ላይ ስደርስ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኝና ደግሞ ዞሬ እወጣለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተናገር ወይ ቁጭ በል፤ ምንጣፉን እኮ ፈጀኸው» ትለኛለች። ከዚህች ሴት ጋር አርባ ምናምን ዓመት ስኖር አንድ ነገር ደብቄያት ኖሬአለሁ። ሐሙስ ዕለት አገር በሙሉ በተሰበሰበበት ተናገርኩት፤ ተናግሬውም አልቀለለኝም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፌ ግን ገና ባለፈው ሐሙስ ነው ያመለጠኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ልጄ ጀማል መርሳ ላይ ሽንኩርትና ማሾ ይነግዳል፤ ከግራና ከተማ ወረድ ብሎ ያለውን የአያቱን መሬት የሚያርሰውም እሱ ነው። የአመራር ሥልጠና ብለው ሦስት ቀን ሰብስበዋቸው ነበርና ሲጨርስ ደወለልኝ። ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል።

«አባ፣ አሠልጣኙ መሪ ይወለዳል ወይስ በትምህርት ይገኛል ብሎ ጠየቀን። ሰዉ ሁለት ላይ ተከፍሎ ሲጨቃጨቅ ዋለ። በኋላ ተነሳሁና የአንቱን ታሪክ ተናገርኩ።»

«የቱን ታሪክ?»

«የውሃውን ነዋ! በሃያ አራት ዓመትዎ፣ ማንም ሳያስተምርዎ፣ ቦዩን ከጅራት ያስጀመሩበትን። ወላሂ አባ፣ አዳራሹ በሙሉ ነው ያጨበጨበው።»

እንደ መሳቅ አልኩ። ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩት። ቀጥሎ ያለው ባሰ። ሐሙስ ሰዉ ሊሰበሰብ ነው፤ ጀማልን የውሃ አባት ሊያደርጉት ነው፤ «ዘር ከልጓም ይስባል፣ አያቱም አባቱም ነበሩ፣ ሌላ ማንን እንፈልጋለን» ብለዋል፤ እኔ መጥቼ ካልመረቅኩት ግን አይሆንም። «ይመጣሉ አይደል፣ አባ?» አለኝ። ኢንሻአላህ አልኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ ምንጣፉን የፈጀሁት።

የውሃ አባት ምን እንደሆነ የከተማ ልጅ ላያውቅ ይችላል። በእኛ አገር ወንዙን በድንጋይና በጭቃ ጠልፈን ወደ ቦይ እናስገባዋለን። ያ ቦታ ጠለፋው ይባላል። ጠለፋው አጠገብ ያለው ማሳ ራስ ነው፤ ቦዩ የሚያልቅበት ደግሞ ጅራት። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ተራውን የሚቆርጠው አንድ ሰው ነው። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉ የማይሰማ ከሆነ ሰው በዶማ ይፈላለጣል፤ ይህን በዓይናችን አይተናል። አባቴ እንድሪስ ጥርሴን ካወጣሁበት ጊዜ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የውሃ አባት ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ታጥቆ፣ በረባሶውን አድርጎ፣ ጠዋት ጠዋት ቦዩን ከራስ እስከ ጅራት ይሄዳል፤ ተመልሶም ይመጣል። ድምፁ ሲጣራ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። እኔ ከእሱ የወረስኩት ያንን ድምፅ ነው። እግሩን አልወረስኩም።

እግሬማ መርሳ ነበር። በዚያ ዘመን መርሳ ዛሬ እንደምታዩት በባጃጅ የተጥለቀለቀች አይደለችም፤ መንገዱ ዳር ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ ሁለት ሻይ ቤት፣ አንድ ልብስ ሰፊ። ልብስ ሰፊው ቤልቦተም ሱሪ ሲሰፋ ከጉልበት በታች ያለውን እንደ ጥሩምባ ነበር የሚያሰፋው። አንድ ሱሪ ለማሰፋት ክረምቱን ሙሉ አጠራቅሜአለሁ፤ ስለብሰው ደግሞ ጭቃው ላይ እየተጎተተ እንዳይበላሽ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ስሄድ ሰው ይስቅብኝ ነበር። ቴትሮን ሸሚዝ፣ ጎፈሬ ጠጉር፣ ጎፈሬው ላይ የተሰካች ሚዶ። ሻይ በአስር ሳንቲም። ከወልድያ መርሳ በሎንቺና አውቶቡስ አንድ ሽልንግ፤ ሰው ከሞላ ከላይ ከጭነቱ ጋር ተቀምጦ ደግሞ በስሙኒ። ሻይ ቤቱ ቴፕ ነበረው፤ ባለቤቱ አምባሰል ሲያስገባ እኔ እከተላለሁ፣ ድምፄ ያማረ ነበርና ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ይሰማኛል። አባቴ ከቦዩ ጋር ሲውል እኔ እዚያ ነበርኩ። «ና፣ አብረን እንሂድ» ሲለኝ ነገ እለዋለሁ። ብዙ ነገ አለፈ።

አብሮት የሚሄደው ሌላ ሰው ነበር። ሞላ ይባላል። ከላስታ በኩል ሚስቱን ይዞ የመጣ ክርስቲያን ነው፤ መጤ ስለሆነ ማንም ያልፈለገውን የመጨረሻውን ማሳ፣ የጅራቱን ጅራት ሰጡት። ውሃው እዚያ ሲደርስ ምራቅ ያህል ነው። ሞላ ታዲያ በየጠዋቱ ውሃዬ የት ቀረ እያለ ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ይመጣል፤ አባቴ ከላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ተቀምጠው ያወራሉ፣ እዚህ ጋ ያፈሳል፣ እዚያ ጋ አይጥ ቆፍሮታል ይባባላሉ። ስንት ዓመት እንዲህ እንደተገናኙ አላህ ይወቅ። አሁን ሲገባኝ አባቴ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ የተማረው ግን ልጁ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ደረስኩ። ረፋድ ላይ ልሂድ ያልኩት ሰውዬ ሱቆች ሳይከፈቱ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ሾፌሩ «አባባ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» አለኝ። በሦስተኛው ስመለስ አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ጭኗ ላይ የሽንኩርት ዘር ጣሳ የያዘች። ትክ ብላ አየችኝና «ጋሽ ሰይድ አይደሉም?» አለችኝ።

«ነኝ። ማን ልበል?»

«አላወቁኝም። አለሚቱ ነኝ፤ የሞላ ልጅ።»

በዚያ ሰዓት ብወርድ ደስ ባለኝ ነበር። ሚኒባሱ ግን ተነሳ።

የጠየቅኋት ስለ ደኅንነቷ ብቻ ነው። አባቷ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም ነበር፤ ወገቤን አሞኝ ነው ብዬ ሰው ልኬ ነበር። ወገቤን አላመመኝም። እሷ አላነሳችብኝም። ዘንድሮ ውሃው ቀጭን እንደሆነ፣ ራስ ላይ ያሉት ሰዎች በፓምፕ እየሳቡ ስለሆነ ጅራቱ ጨርሶ እንደተረሳ፣ የመሃሉ ቦይ ግድግዳው ከተሸነቆረ ወር እንደሞላው አወራችኝ። ዛሬም በየጠዋቱ ቦዩን የምትሄደው እሷ ናት። ሲሪንቃ ስንደርስ በምርምር ጣቢያው አጥር ውስጥ የቆመውን ማሽላ አየሁ፤ እያንዳንዱ መደብ ላይ ታርጋ ተተክሏል፤ አንዱ ያማረ፣ ሌላው የቀጨጨ። የጀማል አሠልጣኝ ትዝ አለኝና «የዘሩ ነገር ይሆን?» አልኳት።

«ዘሩማ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል» አለች ሳትዞር። «ጋሼ፣ እኔ ማሽላ ሳይ መጀመሪያ የማየው ውሃው በየት እንደሚገባለት ነው።»

 መርሳ ላይ የድሮው ሻይ ቤት የነበረበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግኩት፤ ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ልብስ ሰፊውም የለ። ባጃጅ ይዘን ወደ ግራና ስንወርድ የጭቃው ሽታ መጣብኝ፤ ትኩስ ውሃ የገባበት ደረቅ አፈር የሚሸተው ሽታ። ያን ጊዜ ያች ቀን ተመልሳ ከፊቴ ቆመች።

አባቴ በሞተ ጊዜ ሰደቃውን ስናወጣ ሰው ጥራ ተባልኩና ጉብታው ላይ ወጥቼ ተጣራሁ። ድምፄ ቁርጥ የእሱ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። «እንድሪስ አልሞተም፣ ይኸው!» አሉ። ሰደቃው ሳያልቅ የውሃ አባት አደረጉኝ። እንዲህ ነው የተሾምኩት፤ ምግብ ደርሷል ብዬ ስጮህ ሰምተውኝ። የመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ውሃ ሲሞላ ማንም የውሃ አባት ነው። እኔ ቤልቦተሜን ለብሼ ጠለፋው ላይ እቆማለሁ፣ ተራ እጠራለሁ፣ ድምፄ ያስተጋባል። ሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ሸሸ። ወንዙ ድንጋዩን ማሳየት ጀመረ። እኔ እንደ ደጉ ዓመት ከራስ አስጀመርኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ሌላ ነገር ስለማላውቅ ነው። ሁለተኛም አለው፤ ራስ ላይ ያለው ማሳ የዘይነባ አባት መሬት ነበር፤ ዘይነባን አጭቼ ነበር። ይህን እስከ ሐሙስ ድረስ ለራሴም በደንብ አልነገርኩትም።

በአምስተኛው ቀን ውሃው ጅራት አልደረሰም። በስድስተኛው የጅራት ሰዎች ዶማና ዱላ ይዘው ጠለፋው ላይ ወጡ። የራስ ሰዎችም ጠበቋቸው። አማቴ ከፊት ነው። እኔ መሃል ድንጋይ ላይ ቆሜአለሁ፤ ሁሉም እኔን ያያል፤ ድምፅ አለኝ፣ ቃል የለኝም።  የዚያን ጊዜ ሞላ ከኋላዬ መጣ። የወደቀ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ እንደሚያስተካክል ሰው ሆኖ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ውሃው ጉልበት ሳለው ሩቁን ይድረስ። ሲደክም ቅርቡን አያቅተውም። አባትህ በክፉ ዓመት እንዲህ ነበር የሚያደርግ፤ ከጅራት አስጀምር።» ጋቢዬን ጠበቅ አደረገና ጨመረ፤ «የእኔን ማሳ ግን ዝለለው። አለዚያ ለሞላ አድልቶ ነው ይሉሃል፤ ማንም አይታዘዝህ።»

እሱ ራሱ ጮክ ብሎ ለምን አልተናገረም? መጤ ነዋ። የጅራት ሰው ነዋ። ማን ይሰማዋል! እኔ ግን ጮህኩ። ሞላ ያለኝን በአባቴ ድምፅ አወጣሁት፤ ውሃው ጉልበት ሳለው ሩቁን ይድረስ፣ ሲደክም ቅርቡን አያቅተውም!  አማቴ ዶማውን መሬት ላይ አኖረና «ይህ እንድሪስ ነው፤ ደም አይጠፋም» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ዕለት ደም አልፈሰሰም፤ አልሐምዱሊላህ። ውሃው ከጅራት ጀመረ፣ ሞላን ዘልሎ። የሁሉም ማሽላ እንደ አቅሙ አፈራ። የሞላ ቆሞ ደረቀ። ሚስቱ መርሳ ሄዳ ለሰው ቤት ውሃ እየቀዳች ያችን ዓመት አሳለፈች፤ አለሚቱ ያኔ ጥርሷን የምትቀይር ልጅ ነበረች። አንድ ቁና ማሽላ ልኬላቸዋለሁ። እሱንም ሰው እያየኝ ነው የላክሁት። ሞላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበለኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ከዚያም በኋላ አልተናገረም። እኔም ክፉው ዘመን ሲመጣ ወልድያ ገባሁ፣ ጫማ ነገድኩ፣ ወለድኩ፣ ከበድኩ። ታሪኩ ግን እዚያው ቀርቶ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ሲወራ ኖረ። ሲያወሩልኝ አንገቴን እደፋለሁ። ትሑት ነው ይላሉ።

ጠለፋው ላይ ስንደርስ ሰዉ ተሰብስቧል። ወንዶቹ ድንጋዩ ላይ፣ ሴቶቹ ወደ ዳር ቆመዋል። ዛሬ ሽርጥ የለበሰ ጥቂት ነው፤ ጂንስና የኳስ ቡድን ማሊያ በዝቷል፤ ሞባይል የሚቀርጽም አለ። ጀማል መሃል ቆሟል፤ ከሥልጠናው የተሰጠውን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቶ። ሰብሳቢው ሼህ አሊ፣ እኩያዬ ናቸው፣ እጄን ይዘው ወደ ድንጋዩ አወጡኝ። «በሉ ይመርቁልን» አሉ። መቶ እጅ ለዱዓ ወደ ላይ ተነሳ። እጄን አነሳሁ። ልጄን አየሁት። ማሻአላህ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፣ ግን ያን ሰዓት ዓይኑ የእኔን የሃያ አራት ዓመት ዓይን ይመስል ነበር። ሰዎቹ እሱንም እንደ እኔ ባዶ እጁን ድንጋይ ላይ ሊያቆሙት ነው። በክፉ ዓመት። እጄን አወረድኩ።

«ከምርቃቱ በፊት የምናገረው አለኝ» አልኩ። ተናገርኩም። ከራስ ለምን እንደጀመርኩ፣ አማቴን እንደፈራሁ፣ ቃል እንዳጣሁ፣ ሞላ በጆሮዬ ምን እንዳለኝ፣ የእሱ ማሳ ለምን እንደተዘለለ፣ ሁሉንም። «እኔ የውሃ አባት ሆኜ አላውቅም። የውሃ አባቱ ሞላ ነበር። እኔ ጩኸቱ ነኝ።» አለቀስኩ፤ አልደበቅኩትም። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ለሰባት ቀን እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ ነው።

ሼህ አሊ ወደ ሰዉ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሰማችሁ?» አሉ። «ሰማችሁ ወይ? ሰው በዚህ ዕድሜው ክብሩን አንሥቶ ለጎረቤቱ ሲሰጥ? ይህ ነው ዘር! እንድሪስም እንዲህ ነበር፤ የሠራውን የእኔ ነው አይልም ነበር። ደም አይጠፋም ብለናችሁ የለ!»

ሰዉ አጨበጨበ። በአላህ ስም እላችኋለሁ፣ አጨበጨበልኝ። «ኧረ እውነቴን ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ያው የአባቴ ድምፅ ወጣና ጭብጨባው ባሰ። ምንም ብል ዘሬን የሚያደንቅ ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባው። ጀማልን እየሳሙት፣ ትከሻውን እየመቱት ነው። እኔ ከድንጋዩ ወረድኩና ሰዉን እየገፋሁ ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። ያለኝ ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ የማውቀውም እሱን ብቻ ነው።

«አለሚቱ» አልኳት ዝቅ ብዬ፣ «አባትሽ ለእኔ እንደነበረው ለልጄ ሁኚለት። ከአጠገቡ አትጥፊ። ንገሪው።»

የዘር ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ዛሬ ስሙን ጠርተዋል፤ እግዜር ይስጥዎት። አባቴ ከእርስዎ ጀምሮ ለአራት የውሃ አባት በጆሮ ነገረ፤ ሦስቱ ስሙን ሳይጠሩት ሞቱ። እኔ ግን በጆሮ አልናገርም፣ ጋሼ። በጆሮ የተነገረ የሰሚው ይሆናል። ልጅዎ ማወቅ ከፈለገ ሰው ባለበት ይጠይቀኝ። ያኔ የእኔንም ማሳ አይዘልም።»

 ዞር ስል ጀማል ከኋላዬ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላውቅም፤ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ ጠቁሯል። ተቆጥቶ ይሄዳል ብዬ ነበር። ቦርሳውን አውርዶ ለእኔ አስያዘኝና ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። የጀማል ድምፅ እንደ እኛ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ የእናቱን ወስዷል። ሰዉ ዝም እስኪል ሁለት ጊዜ መድገም ነበረበት።

«ጎበዝ፣ እኔ አላውቅም» አለ። «ውሃው ዘንድሮ ከየት እንደሚጀምር አላውቅም። ቦዩን ሙሉውን አንድም ቀን ሄጄበት አላውቅም። እትዬ አለሚቱ፣ አንቱ ነዎት የሚያውቁት፤ እዚህ ወጥተው ይንገሩን።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ሌላው ሳቀና አቋረጠው። ሼህ አሊ አፋቸውን ከፍተው እኔን ያዩኛል። አለሚቱ ሻሿን አስተካክላ በወንዶቹ መሃል ማለፍ ጀመረች፤ መንገድ የለቀቀላትም፣ ያልለቀቀላትም ነበረ። የጀማልን ቦርሳ ታቅፌ ቆሜ አየሁ። አላውቅም! ያችን አንዲት ቃል በሃያ አራት ዓመቴ አጥቻት ነው አንድ ቤተሰብ ያስራብኩት። አባቴ ሲላት ሰምቼው አላውቅም፤ አሠልጣኙም እሷን ያስተማራቸው አይመስለኝም። ልጄ ከማን እንዳገኛት እንጃ፤ ከእኔ ግን አይደለም።